የ1 ጊጋቢት ፋይበር አስገብቼ 340 ሜጋቢት ብቻ የሚደርሰኝ ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ባለ ሦስት ደርብ ታውንሃውስ ውስጥ ነው። ከኬብል ኢንተርኔት ወጥተን 1 ጊጋቢት ፋይበር አስገባን። መስመሩን የዘረጋው ቴክኒሻን የራሱን ላፕቶፕ ቤዝመንት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የፋይበር ሳጥን ጋር በቀጥታ ሰክቶ 940 ሜጋቢት አሳየኝና ሄደ። ከዚያ ድሮ በኬብሉ ጊዜ የነበረንን ኤሲ 1900 ራውተር አገናኘሁት፤ የተቀመጠው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው። ራውተሩ ላይ በገመድ ስለካ 340 ይላል። ሳሎን በስልኬ 210፣ ላይኛው መኝታ ቤት 40 ነው። ቤዝመንት ያለው የልጄ ኮምፒውተር ደግሞ በገመድ ተያይዞም ከ94 አያልፍም። ካርቶኑ 1900 እያለ እንዴት ሩቡን እንኳ አያደርስም? ደውዬ ስጠይቅ መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ከፈለጉ ወደ 2 ጊጋቢት ያሳድጉ አሉኝ። አዲስ አበባ ካለችው እናቴ ጋር በቪዲዮ ስናወራም ይቆራረጣል። 2 ጊጋቢቱን ልውሰድ ወይስ ራውተር ልግዛ? የትኛውን?»

ምላሽ፦ 2 ጊጋቢቱን አይውሰዱ፤ ራውተርም ገና አይግዙ። የጻፏቸው ቁጥሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ችግር አይደለም። 340 የራውተሩ ጉዳይ ነው፣ 94 የገመድ ጉዳይ ነው፣ 210 እና 40 የዋይፋይ ጉዳይ ናቸው፤ የእናትዎ ጥሪ መቆራረጥ ደግሞ ከሁሉም የተለየ ነው። በአንድ ጊዜ ስለታዩ ብቻ አንድ ዕቃ በመግዛት የሚፈቱ ይመስላሉ። አንዱን ከሌላው ሳይለዩ ገንዘብ ካወጡ አዲሱ ራውተር ተሰክቶም የልጅዎ ኮምፒውተር 94 ላይ እንደቆመ ይቀራል።

መስመሩን በተመለከተ የነገሩዎት ትክክል ነው። 940 ሙሉ ፍጥነት ነው፤ ከ1000 ላይ የተሰረቀ 60 የለም። የጊጋቢት ፖርት በሰከንድ 1000 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ነገር ግን ዳታው የሚጓዘው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ነው፤ እያንዳንዱ ፓኬት ከእርስዎ ዳታ በተጨማሪ አድራሻዎችን፣ የስህተት መፈተሻንና ከሚቀጥለው ፓኬት የሚለየውን ክፍተት ይዞ ነው የሚጓዘው። ገመዱ ላይ የ1538 ባይት ቦታ የሚወስድ አንድ ሙሉ ፓኬት ውስጥ የእርስዎ ዳታ 1448 ባይት ያህል ነው። ያካፍሉት፣ 94 በመቶ ይመጣል። ስለዚህ የጊጋቢት ፖርት የትም አገር ቢለካ 940 አካባቢ ይላል እንጂ 1000 አይልም። ይህችን 94 በመቶ ይያዙልኝ፤ ወደ ቤዝመንቱ ስንወርድ እንፈልጋታለን። ፋይል ሲያወርዱ የሚያዩት ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ በሜጋባይት ነው። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ 940 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ 117 ሜጋባይት ገደማ ነው። «ጊጋቢት እየከፈልኩ 110 ነው የሚያወርድልኝ» የሚሉ ብዙ ሰዎች የከፈሉበትን ሙሉ ፍጥነት እያገኙ ነው።

ካርቶኑ ላይ ያለው 1900 የሁለት ሬዲዮዎች ድምር ነው፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ 600፣ በ5 ጊጋኸርዝ 1300። የዚህ ትውልድ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ከሁለቱ በአንዱ እንጂ በሁለቱም በአንድ ጊዜ አይገናኝም፤ ስለዚህ 1900ን የሚያገኝ መሣሪያ የለም። 1300 የሚባለውም ሦስት አንቴና ያለው መሣሪያ አጠገቡ ሆኖ፣ ማንም ሳይረብሸው የሚደርስበት ጣሪያ ነው። አብዛኛው ስልክ ሁለት አንቴና ስላለው የሱ ጣሪያ 867 ነው። ከዚህም ላይ ዋይፋይ በአንድ ቻናል አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም የሚልበት፣ እያንዳንዱ መልእክት «ደርሶኛል» የሚል ምላሽ የሚጠብቅበት አሠራር በመሆኑ፣ እጅ ላይ የሚገባው ከዚያ ጣሪያ 60 በመቶ ገደማ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው፣ ይህ ቁጥር ራውተሩ ከፋይበሩ ተቀብሎ ወደ ቤት ምን ያህል ማሳለፍ እንደሚችል ምንም አይናገርም። ያ ሌላ አቅም ነው፤ ካርቶን ላይም አይጻፍም። የእርስዎ 340 የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ቤትዎ ከውጭ ሲታይ አንድ አድራሻ ብቻ ነው ያለው፤ ውስጥ ግን ስልኮች፣ ቴሌቪዥኖች፣ ኮምፒውተሮች አሉ። ራውተሩ እያንዳንዱን ፓኬት ተቀብሎ አድራሻውን ይቀይራል፣ ለማን እንደሆነ ከመዝገቡ ያያል፣ ያሳልፋል። በ940 ሜጋቢት ይህንን በሰከንድ ከ80 ሺህ ጊዜ በላይ ማድረግ አለበት። በኤሲ 1900 ዘመን የተሠሩ ፕሮሰሰሮች ይህንን በሶፍትዌር ብቻ አይችሉትም፤ ስለዚህ አምራቾቹ አቋራጭ ሠሩላቸው። የአንድ ግንኙነት የመጀመሪያ ፓኬቶች ይመረመራሉ፤ የቀሩት ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግሩ በቺፑ ውስጥ በቀጥታ ያልፋሉ። ሴቲንጉ ውስጥ «ሃርድዌር አክሰለሬሽን» ወይም «ሃርድዌር ናት» የሚባለው ይኸው ነው። አቋራጩ እየሠራ ያን ዕድሜ ያለው ደህና ራውተር 900ን ያልፋል።

ችግሩ፣ አንዳንድ አገልግሎቶች አቋራጩን የሚዘጉ መሆናቸው ነው። የትኛው መሣሪያ ቅድሚያ ይሰጠው የሚለው ኪውኦኤስ፣ የልጆች መቆጣጠሪያ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ስንት ጊጋባይት እንደጨረሰ የሚቆጥረው ስታቲስቲክስ፣ ድረ ገጾችን የሚያጣራው «የደህንነት ፍተሻ»፣ ሁሉም እያንዳንዱን ፓኬት ማየት ይፈልጋሉ። ሕንፃ በር ላይ እያንዳንዱን ቦርሳ ከፍቶ የሚያይ አንድ ጥበቃ ቢቆም ሰልፉ ምን እንደሚሆን ያውቁታል፤ ራውተሩ ላይም የሚሆነው ያው ነው። ፍጥነቱ ወደ 300 እና 400 አካባቢ ይወርዳል። የእርስዎ 340 እዚያው መሃል ላይ ነው።

ከዚህ ሌላ በጣም የምጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ብዙ ራውተሮች ላይ ኪውኦኤስ ሲከፈት «የመስመርዎ ፍጥነት ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተሞላው ቁጥርም ጣሪያ ሆኖ ይቀመጣል። በኬብሉ ጊዜ የነበረዎት መስመር ወደዚያ የተጠጋ ከነበረና ያንን ቁጥር የሞላ ሰው ካለ፣ ራውተሩ እስከ ዛሬ ለኬብሉ መስመር ታማኝ ሆኖ ፋይበርዎን እየቆረጠው ነው። በኬብል ዘመን ኪውኦኤስ መክፈት ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ የመላኪያው ፍጥነት ትንሽ ስለነበር አንዱ ፎቶ ሲልክ የሌላው ጥሪ ይታፈን ነበር። ፋይበር ላይ መላኪያውም ከመቀበያው ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ያ ምክንያት በአብዛኛው ጠፍቷል።

ስለዚህ ወደ ራውተሩ መቆጣጠሪያ ገጽ ይግቡና እነዚህን በሙሉ ያጥፉ። ራውተሩ ላይ የተከፈተ ቪፒኤን (ትራፊክዎን አመስጥሮ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አገልግሎት) ካለም ያጥፉት፤ ማመስጠር ከሁሉ የባሰ ከባድ ሥራ ነው። ሃርድዌር አክሰለሬሽኑ መከፈቱን አይተው ራውተሩን አጥፍተው ያብሩትና በገመድ እንደገና ይለኩ። ከ900 በላይ ከመጣ ራውተሩ አልሞተም። እዚያው 340 ላይ ከቀረ ግን አቅሙ ያ ነው፤ በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር የለውም። የልጆች መቆጣጠሪያውን ለልጅዎ ብለው ከፍተውት ከሆነ ጥበቃው ይቅር አልልም፤ በኮምፒውተሩና በስልኩ በራሱ ውስጥ ያለውን መቆጣጠሪያ ይክፈቱ። እንዲያውም ልጁ ከዋይፋይ ወጥቶ በሞባይል ዳታ ሲጠቀም የሚሠራው ያኛው ነው።

ስትለኩ የምትሳሳቱት ብዙ ስለሆናችሁ ይህንን ለሁሉም እላለሁ። የሚለካው ላፕቶፕ ራሱ ጊጋቢት ፖርት ሊኖረው ይገባል። በዩኤስቢ 2.0 የሚሰካ የኔትወርክ አስማሚ የዩኤስቢው ጣሪያ 480 ስለሆነ 300 አካባቢ ላይ ሊቆም ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚወቀሰው ራውተር ንጹሕ ነው። ስለዚህ 340ውን የለኩት በምን እንደሆነ ራስዎን ይጠይቁ። ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን ይጥፋ፣ ሌላ የሚያወርድ መሣሪያ ቤት ውስጥ አይኑር። የቴክኒሻኑን ሙከራ መድገም ከፈለጉ ደግሞ ላፕቶፑን ከሳጥኑ ጋር ሲሰኩ ሳጥኑን አጥፍተው ያብሩት፤ የቀድሞውን መሣሪያ አስታውሶ አዲሱን አልቀበልም ሊል ይችላል። በዚያች ደቂቃ ላፕቶፑ ያለ ራውተር ጥላ ኢንተርኔት ላይ ስለሚቆም ከውጭ የሚመጣን ያልተጠራ ግንኙነት የሚያግደው ፋየርዎል እየሠራ መሆኑን ያረጋግጡ። ጀርመንን በመሰሉ አገሮች የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ገብቶ የሚከፈት የፒፒፒኦኢ መስመር ያላችሁ ደግሞ፣ አንዳንድ አሮጌ ቺፖች አቋራጩን ለዚህ ዓይነት መስመር እንደማያውሉት እወቁ። ራውተራችሁን ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ከመመለሳችሁ በፊትም ያንን ስምና ቃል ወረቀት ላይ ጻፉ።

ቤዝመንቱ አጭር ነው። 94 የ100 ሜጋቢት ግንኙነት ፊርማ ነው፤ ያቺው 94 በመቶ ናት፣ በ100 ላይ ተሰልታ። 60 ወይም 130 ቢሆን ኖሮ እንከራከር ነበር፤ 94 ላይ ድርቅ ብሎ የሚቆም ኮምፒውተር ግን በመንገዱ ላይ አንድ ነገር 100 ነው። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ሽቦ፣ ማለትም አራት ጥንድ አለ። 100 ሜጋቢት በሁለት ጥንድ ይሄዳል፣ ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል። ከስምንቱ አንዷ ሽቦ ተበጥሳ ወይም መሰኪያው ውስጥ ላልታ ከሆነ ሁለቱ መሣሪያዎች ማንንም ሳያስጠነቅቁ ወደ 100 ይወርዳሉ፤ ኢንተርኔቱም «ይሠራል»። በኮምፒውተሩ የኔትወርክ መረጃ ውስጥ የግንኙነቱን ፍጥነት ይዩ፤ 100/100 ካለ ገመዱን ይቀይሩ። ገመዱ ላይ ካት 5ኢ ወይም ካት 6 የሚል መታተም አለበት፤ ለጊጋቢት ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ውድ ገመድ ለቤትዎ አያስፈልግም። በመሃል ትንሽ ስዊች (አንዱን የኔትወርክ ገመድ ለብዙ መሣሪያዎች የሚያከፋፍል ሳጥን) ወይም የግድግዳ መሰኪያ ካለ እሱንም ይፈትሹ፤ ድሮ የተገዙ ስዊቾች ብዙዎቹ 100 ናቸው። ከፋይበሩ ሳጥን ወደ ሳሎን የሚወጣው ገመድ ግን ደህና ነው፤ 340 ማሳለፉ ብቻውን ጊጋቢት መሆኑን ይመሰክራል።

ይኸው የ94 ነገር አዲስ አበባ ያላችሁ አንባቢዎችንም ይነካል። ከፋይበር ጋር ከሚሰጡት ሳጥኖች መካከል አንዱ ፖርት ብቻ ጊጋቢት፣ የቀሩት ሦስቱ 100 የሆኑ አሉ፤ ዋይፋያቸውም በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ይገኛል። ከ100 በላይ ፍጥነት ከገዛችሁ የራሳችሁን ራውተር በጊጋቢቱ ፖርት ላይ መሰካታችሁን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ወይም ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። ኤሲ 1200 ተብለው በርካሽ ከሚሸጡት ራውተሮች ውስጥም ሁሉም ፖርቶቻቸው 100 የሆኑ ስላሉ፣ ካርቶኑን አዙራችሁ «ጊጋቢት» ወይም «10/100/1000» የሚለውን ሳታነቡ አትክፈሉ። «10/100» ብቻ የሚል ከሆነ መልሱት።

ወደ ዋይፋዩ ስንመጣ፣ ሳሎን ያገኙት 210 ከ340 በታች ነው። ራውተሩ ከፋይበሩ 340 ብቻ እያሳለፈ ዋይፋዩ ከዚያ ሊበልጥ አይችልም ነበር፤ እንግዲህ ያኛውን ካስተካከሉ በኋላ እንደገና ሳይለኩ በዋይፋዩ ላይ አይፍረዱ። ከዚያ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያውጡት። የቴሌቪዥን ጀርባ ሰፊ ብረት ነው፤ ሬዲዮውን አንድ አቅጣጫ ሙሉ ይሸፍነዋል። መደርደሪያ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ከመስታወትና ከብረት ርቆ ይቀመጥ። ይህ ምንም አያስከፍልም፤ ሆኖም ራውተሩ ለዓይን አያምርም እየተባለ ቁም ሳጥን ውስጥ በሚከተትባቸው ቤቶች ሁሉ በመጀመሪያ መደረግ ያለበት ይህ ነው። በእርስዎ ስልክና በዚህ ራውተር፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በ5 ጊጋኸርዝ፣ 500 አካባቢ ካገኙ ጥሩ ነው። 940ን በዚህ ዋይፋይ አይጠብቁ፤ የሚያደርስበት መንገድ የለውም።

የላይኛው መኝታ ቤት 40 ሌላ ታሪክ ነው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳና ወለል ግን ያደክመዋል። ስልክዎ ሲርቅ ምልክቱ ስለሚዳከምበት ወደ 2.4 ይዞራል፤ ያኛው ሩቅ ይሄዳል ግን ጠባብ ነው። እዚያ ባለ ሁለት አንቴና ስልክ በተለመደው የቻናል ስፋት ጣሪያው 144 ነው፣ እሱንም ከጎረቤት ጋር ይካፈላል። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ታውንሃውስ ደግሞ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ከጎረቤት ጋር የሚጋራ ቤት ነው፤ የጎረቤቶችዎ ራውተሮች፣ ማይክሮዌቮችና ብሉቱዞች ሁሉ እዚያው ናቸው። በዚህ ሁኔታ 40 የሚያስገርም አይደለም። ማረጋገጥ ከፈለጉ ሁለቱን ሬዲዮዎች የተለያየ ስም ይስጧቸውና ፎቅ ላይ ሆነው ስልኩ ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ ይዩ። ችግሩ 2.4 ነው ብለው ግን አያጥፉት፤ ካሜራዎች፣ ፕሪንተሮችና የበር ደወሎች ብዙዎቹ ከሱ ሌላ አያውቁም።

ይህንን የትኛውም ጠንካራ ራውተር ሳሎን ተቀምጦ ሙሉ በሙሉ አይፈታውም። በማስታወቂያ «ቤቱን ሙሉ ይሸፍናል» የሚባለው ራውተር ጮክ ብሎ ቢናገር እንኳ ስልክዎ መልስ የሚሰጠው በራሱ ትንሽ አቅም ነው፤ አንቴና መጨመር የስልኩን ድምፅ ከፍ አያደርገውም። መፍትሔው ሁለተኛ የዋይፋይ ማሠራጫ ፎቅ ላይ ማድረግ ነው፤ ጥያቄው ያ ማሠራጫ ከታችኛው ጋር በምን ይገናኝ የሚለው ነው። ሜሽ የሚባለው፣ ማሠራጫዎቹ እርስ በርስ በአየር የሚገናኙበት፣ ለመትከል ቀላሉ ነው። ነገር ግን ሁለት ሬዲዮ ብቻ ያለው ሜሽ ያንኑ 5 ጊጋኸርዝ ከስልክዎም ከዋናው ራውተርም ጋር ለመነጋገር ስለሚጠቀምበት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምልክት በጠፋበት ክፍል ከተቀመጠ ደግሞ የጠፋ ምልክት ከማባዛት በቀር ሥራ የለውም፤ ቦታው በመሃል፣ ደረጃው አካባቢ ነው።

ለእርስዎ ቤት ግን ከዚህ የተሻለ አለ። ከኬብል ኢንተርኔት ስለወጡ ግድግዳዎ ውስጥ የቴሌቪዥን ኮአክስ ገመድ ተዘርግቶ ያለ ሥራ ተቀምጧል ማለት ነው። ሞካ የሚባለው አስማሚ ያንን ኮአክስ ወደ ኔትወርክ ገመድ ይለውጠዋል። ሞካ 2.5 የተባለው ትውልድ እስከ 2.5 ጊጋቢት ይሸከማል። አንዱ አስማሚ ሳሎን ራውተሩ ጋር፣ ሌላው ፎቅ ላይ ማሠራጫው ጋር ይሰካል፤ ግድግዳ አይበሳም። ጥንቃቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ በመሃል ያለው ማከፋፈያ እስከ 1675 ሜጋኸርዝ የሚያሳልፍ መሆን አለበት፣ አሮጌዎቹ በ1000 ይቆማሉ። ኮአክሱ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ ምልክቱ ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ትንሽ ማጣሪያ ይሰካ፤ ወይም ከውጭ የሚመጣውን ገመድ ከነጭራሹ ይንቀሉት። በዚያው ኮአክስ የሳተላይት ቴሌቪዥን የሚመጣ ከሆነ ግን ሁለቱ በአንድ የፍሪኩዌንሲ ሰፈር ስለሚጋጩ አብረው አይሆኑም። ሶኬት ውስጥ በመብራት መስመር የሚሠሩትን አስማሚዎች ለዚህ ፍጥነት አልመክርም።

የእናትዎን ጥሪ በተመለከተ፣ የቪዲዮ ጥሪ ጥቂት ሜጋቢት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ 40ም ቢሆን ከበቂ በላይ ነው። ከዋሽንግተን አካባቢ አዲስ አበባ በአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ115 ሚሊሰከንድ አያንስም። እውነተኛው መንገድ ደግሞ በባሕር ስር ገመዶች ዞሮ፣ ኢትዮጵያ ወደብ ስለሌላት በጎረቤት አገሮች በኩል ነው የሚገባው። 2 ጊጋቢት ይህንን መንገድ በአንድ ሜትር አያሳጥርም። ይሁንና ጥሪውን የሚያደርጉት ከላይኛው መኝታ ቤት ከሆነ፣ የሚጎዳው የ40 ማነስ ሳይሆን የ2.4 መጨናነቅ ነው፤ ፓኬቶች ይዘገያሉ፣ ተደግመው ይላካሉ፣ ድምፁ ይቆራረጣል። አንድ ጊዜ ራውተሩ አጠገብ ሆነው በ5 ጊጋኸርዝ ይደውሉላቸው። ከጠራ ችግሩ የእርስዎ ፎቅ ነው። እዚያም ከተቆራረጠ የእርስዎ ቤት ነፃ ነው፤ እሳቸው ጋር ያለውን ዋይፋይ ወይም የሞባይል ምልክት ማየት ነው የሚቀረው። በዚያ ላይ ራውተር በመግዛት ገንዘብዎን አያባክኑ።

2 ጊጋቢቱን አይውሰዱ ያልኩበት ምክንያት ከዚህ በኋላ ግልጽ ይመስለኛል። የራውተርዎ ፖርት ጊጋቢት ነው፤ 2 ጊጋቢት ቢመጣለትም ከ940 በላይ አንድ ቢት አያስገባም። ያንን ለመቀበል 2.5 ጊጋቢት ፖርት ያለው ራውተር፣ ያንን ለማየት ደግሞ 2.5 ጊጋቢት ፖርት ያለው ኮምፒውተር ያስፈልጋል። አንድ የ4ኬ ፊልም ኔትፍሊክስ ራሱ የሚጠይቀው 15 ሜጋቢት ነው። ቤትዎ ውስጥ በየዕለቱ ትልልቅ የቪዲዮ ፋይሎችን ወደ ሥራ ቦታው የሚልክና የሚቀበል ሰው ከሌለ፣ በየወሩ የሚጨምሩት ገንዘብ የሚውልበት ነገር የለም።

ሴቲንጎቹን አስተካክለው 900 ቢመጣ እንኳ አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ እሱም ከፍጥነት ይበልጥብኛል። የራውተሩን ሞዴል ቁጥር ከሥሩ አንብበው በአምራቹ ገጽ ላይ የደህንነት ማሻሻያ እየወጣለት መሆኑን ይፈልጉ። በ2018 ቪፒኤንፊልተር የተባለው ጎጂ ሶፍትዌር ከ500,000 በላይ ራውተሮችንና መሰል መሣሪያዎችን ሲበክል፣ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ሰዎች ራውተራቸውን አጥፍተው እንዲያበሩ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር። ማሻሻያው ያቆመ ራውተር የባንክዎና የልጅዎ ትራፊክ የሚያልፍበት በር ላይ መቆም የለበትም፤ 940 ቢያደርስም ይቀየር። ያንኑ አሮጌ ራውተር ፎቅ ላይ ማሠራጫ አድርጌ ልጠቀምበት የሚለው ሐሳብም ማሻሻያው እየወጣለት ከሆነ ብቻ ነው የሚያዋጣው።

መግዛት ካስፈለገ ምርጫዬ ዋይፋይ 6 የሆነ፣ ኤኤክስ 3000 የሚል፣ ከተቻለ መግቢያ ፖርቱ 2.5 ጊጋቢት የሆነ ራውተር ነው። 3000 የሚለውም ያው ድምር ነው፤ 574 እና 2402። 2402ን የሚያገኘው 160 ሜጋኸርዝ ስፋት ባለው ቻናል የሚናገር መሣሪያ ብቻ ነው። ብዙ ስልኮች በ5 ጊጋኸርዝ በ80 ይቆማሉ፣ ስለዚህ ጣሪያቸው 1201፣ እጅ ላይ የሚገባው ከ600 እስከ 800 ነው። 160 ሜጋኸርዝን ከከፈቱና ዋይፋዩ አልፎ አልፎ ለጥቂት ጊዜ ከጠፋ ወደ 80 ይመልሱት፤ ያ ሰፊ ቻናል ከራዳሮች ጋር የሚጋራ ቦታ ስለሚነካ ራውተሩ ራዳር የሰማ ሲመስለው ለቆ መውጣት ግዴታው ነው። አሜሪካ በ2020 ለዋይፋይ የከፈተችው የ6 ጊጋኸርዝ ሰፈር ሰፊና ጸጥ ያለ ነው፤ ግን ስልክዎ ዋይፋይ 6ኢ ወይም ከጥር 2024 ጀምሮ ማረጋገጫ መስጠት የተጀመረለት ዋይፋይ 7 ካልሆነ አያየውም፣ ወለልንም ከ5 ጊጋኸርዝ የባሰ ይፈራል። ለሦስት ደርብ ቤት አንድ ውድ የዋይፋይ 7 ራውተር ከመግዛት ሁለት መካከለኛ የዋይፋይ 6 ማሠራጫዎችን በሞካ ማገናኘት ይሻላል። ከፋይበር አቅራቢው ራውተር ከወሰዱ ደግሞ የራስዎን ከኋላው ሲሰኩ በአክሰስ ፖይንት ሁነታ፣ ማለትም ዋይፋይ ብቻ እንዲያሠራጭ ያድርጉት፤ ሁለቱም የራውተር ሥራ ከያዙ የአድራሻ ቅየራው ሁለት ጊዜ ይሆንና የጌም ግንኙነቶች ይቸገራሉ።

ቅደም ተከተሉን አያፋልሱት። መጀመሪያ የቤዝመንቱን ገመድ ይቀይሩ፣ ከዚያ ኪውኦኤስንና ጓደኞቹን አጥፍተው በገመድ ይለኩ፣ ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተው በስልክ ይለኩ፣ የማሻሻያውን ጉዳይ ከአምራቹ ያጣሩ። እስከዚህ ያወጡት ወጪ የአንድ ገመድ ዋጋ ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ግዢዎ የሞካ አስማሚዎቹና የፎቁ ማሠራጫ ይሁኑ፤ ራውተሩ የሚቀየረው በገመድ ከ340 አልንቀሳቀስ ካለ ወይም ማሻሻያው ካቆመ ብቻ ነው። ፋይበሩን በሚነካ ሥራ ላይ ግን እጅዎን አያስገቡ፤ ከሳጥኑ ላይ ያለውን ቀጭን የመስታወት ገመድ አይንቀሉ፣ አያጥፉ፣ ጫፉንም በዓይንዎ አይመልከቱ። እሱ ከታጠፈ ዛሬ ደህና የሆነው 940 ራሱ ይጠፋል፣ ቴክኒሻኑም ተመልሶ መምጣት ይኖርበታል።